አጋዘን ከወደቀ በኋላ፦ ጀማሪ አዳኝ የቱን የመበለት ዘዴ ይማር?

ጀማሪ አዳኝ ተኩስ ለወራት ይለማመዳል። አጋዘኑ ከወደቀ በኋላ ስለሚጠብቀው ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ቢላ በእጁ ይዞ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች። ያ ሰዓት ደግሞ ዘዴ ለመምረጥ አይመችም።

ምክር ቢጠይቅም አይጠራለትም። አንዱ አዳኝ «መሬት ላይ አጋድመህ ሆዱን ክፈት፣ ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው» ይለዋል። ሌላው «ሆዱን ምን አስነካህ? ብልቱን ብቻ አውጥተህ ተሸከም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሰቅሎ ያልሠራ ሰው ንጹሕ ሥጋ አያገኝም ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የሚለያዩት የሚያድኑበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። አንዱ ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ያድናል፣ ሌላው ተራራ ወጥቶ እዚያው ያድራል። እያንዳንዱ የሚመክረው ለራሱ የሠራለትን ነው።

ስለዚህ ከዘዴው በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ።

በምን እንለካቸው?

*ሙቀት።* ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። የአጋዘን የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላም ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም፤ ጸጉሩ እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል። ጨጓራው ውስጥ ያለው ፈርስም መብላላቱን አያቆምም። ጋዝ እየፈጠረ ሆዱን ይነፋዋል። ባክቴሪያ ደግሞ በደንብ የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የማንኛውም ዘዴ ዓላማ እንግዲህ ሥጋውን በተቻለ ፍጥነት ወደ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ማውረድ ነው። መጀመሪያ የሚበላሸው ደግሞ ላይ ላዩ እንዳይመስላችሁ። ወፍራሙ የታፋ ሥጋ፣ በተለይ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ነው፤ ሙቀቱ እዚያ ታምቆ ይቆያል።

*ርቀትና ክብደት።* በአውሮፓ የሚታደነው ትንሹ ሮ አጋዘን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ጎልማሳ ሰው ይጎትተዋል። የሰሜን አሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን ወንዱ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሙዝ የሚባለው ትልቁ ዘመዳቸው ከ400 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ እሱን መጎተት የሚባል ነገር የለም። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉ ይቀንሳል።

*ሕግ።* ይህን ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል። በብዙ ቦታ እንስሳው ከወደቀበት ሳይንቀሳቀስ የፈቃድ መለያ ይታሰርበታል ወይም ይመዘገባል። በአንዳንድ ቦታ ሥጋው ሲጓዝ የእንስሳው ጾታ የሚታወቅበት ምልክት አብሮት መሆን አለበት። እስከ መመዝገቢያው ጣቢያ ድረስ ሳይበለት እንዲደርስ የሚያስገድድ ደንብም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 853/2004 ለገበያ የሚቀርብ የአደን እንስሳ ጨጓራና አንጀቱ ከተገደለ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲወጣ ያዛል፤ የሠለጠነ ሰው ሆድ ዕቃውን እንዲያየውም ይጠይቃል። እንግዲህ ዘዴውን አንዳንዴ እናንተ ሳትሆኑ ደንቡ ነው የሚመርጠው።

*ንጽሕናና ጤና።* ሁለት ጥያቄ ነው። ፈርስና ሽንት ሥጋውን የመንካት ዕድሉ ምን ያህል ነው? እንስሳው ታሞ ከነበረስ ለማወቅ ያስችላል?

*የሰው ብዛትና ዕቃ።* ብቻችሁን ናችሁ? ገመድ፣ ዛፍ፣ የሥጋ ከረጢት አለ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንደኛው ዘዴ፦ መሬት ላይ ሆድ ከፍቶ ዕቃውን ማውጣት

የቆየውና በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው። ቆዳው አይገፈፍም፤ ሆድ ዕቃው ብቻ ወጥቶ ቀሪው አካል ሙሉውን ይጓጓዛል። የለመደ ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ለጀማሪ የዚያ እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ቢፈጅ አያስደንግጥ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሞቱ ይረጋገጣል፤ በረጅም እንጨት ዓይኑ ይነካል፣ ካልተርገበገበ ሞቷል። መሣሪያው ጥይቱ ይወጣለታል። ከዚያ አጋዘኑ በጀርባው ይጋደማል፣ ቢቻል ጭንቅላቱ ወደ ዳገቱ ሆኖ። ፊንጢጣው ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ተለቆ በክር ይታሰራል። ቀጥሎ ቆዳው በሁለት ጣት ወደ ላይ ከፍ ይደረግና ስለቱ ወደ ሰማይ ዞሮ በጣቶቹ መካከል እየተመራ ከዳሌ እስከ ደረት አጥንት ይቀደዳል። ቢላው ወደ ታች ከዞረ ጨጓራውን ይበሳዋል። የጀማሪ ችግር ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ደረትንና ሆድን የሚለየው ስስ ጡንቻ ከጎድኑ ዙሪያ ይቆረጣል። እጅ ወደ ላይ ይገባና የአየርና የምግብ ቧንቧው ይያዛል፣ ከእጁ በላይ ይቆረጣል። እዚህ ላይ አደራ፤ ቢላውና የያዘው እጅ ሁለቱም ሳይታዩ ነው የሚሠሩት። አዳኞች እጃቸውን ከሚቆርጡባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተስቦ ይወጣል። ፊኛው ሳይፈርጥ አፉ በጣት ተይዞ ይወጣል። በመጨረሻ አካሉ በሆዱ ተደፍቶ ደሙ ይፈስሳል፣ ከዚያም የጎድኑ ክፍተት በእንጨት ተወጥሮ አየር ይገባዋል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሆድ ዕቃውን ታያላችሁ። ጉበቱ ላይ መግል የያዘ እብጠት አለ? ሳንባው ከጎድኑ ጋር ተጣብቋል? ሳንባና የጎድኑ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚታይ እብጠት የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሥጋውን ከመንካት በፊት የአካባቢውን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ልቡና ጉበቱ ለመብል ይወጣሉ።

ጉዳቱም አለ። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ሥጋው ይቆሽሻል። ጥይቱ ሆዱን መትቶት ከሆነ ውስጡ ፈርስ በፈርስ ስለሚሆን ሥራው ይከብዳል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወንዝ ውኃ አምጥቶ ያጥበዋል። እኔ አልመክርም። ንጽሕናው ያልታወቀ ውኃ ቆሻሻውን ያሰራጨዋል፤ እርጥበቱም ለባክቴሪያ ይመቻል። የተበከለውን ሥጋ ቆርጦ መጣልና ቀሪውን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ሌላው ጉዳት ቆዳው እንዳለ መሆኑ ነው። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቀን ሆዱ ተከፍቶም ታፋው ሳይቀዘቅዝ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ሁለተኛው ዘዴ፦ ሆዱን ሳይከፍቱ መበለት

ሩቅ ለሚያድን ሰው የተሠራ ዘዴ ነው። አጋዘኑ በጎኑ ይጋደማል። ቆዳው በአከርካሪው ላይ ተቀድዶ ወደ ሆድ በኩል ይገፈፋል፣ የተገፈፈው ቆዳም እንደ ምንጣፍ ከሥር ይሆናል። ወርቹ በመጀመሪያ ይወጣል። እሱ ቀላል ነው፤ የፊት እግር ከሰውነቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ስለሆነ መገጣጠሚያ መፈለግ የለም። የኋላው ታፋ ግን ዳሌው ላይ ያለውን መገጣጠሚያ አግኝቶ ጅማቱን መቁረጥ ይጠይቃል። ከዚያ በአከርካሪው ጎን ያለው የጀርባ ሥጋ፣ ቀጥሎ አንገቱና የጎድኑ ሥጋ። አንዱ ጎን ሲያልቅ ይገለበጣል።

ፊሌቶው ከአከርካሪው ሥር ከውስጥ በኩል ነው ያለው። ብዙ ጀማሪ ትቶት የሚሄደው እሱን ነው። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ትንሽ ተቀድዶ፣ ሆድ ዕቃው በእጅ ወደ ታች እየተገፋ፣ በጣት ይላቀቃል። ብዙ ከቆያችሁ ሆዱ ስለሚነፋ ይህችው ቀላል ሥራ ጣጣ ትሆናለች።

በሙቀት በኩል ይህን ዘዴ የሚወዳደረው የለም። ቆዳው ወዲያው ይወጣል፣ ሥጋው ተለያይቶ በሚተነፍስ ከረጢት ይገባል፣ ጥላ ሥር ይሰቀላል። በክብደትም እንደዚያው። አጥንቱን እንኳ ባታወጡ አከርካሪው፣ ጎድኑ፣ ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ደንቡ ከፈቀደ ማለት ነው።

አጥንት ስለማውጣት አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ ሸክም ለማቅለል ብሎ ሥጋውን እዚያው ከአጥንቱ ይለየዋል። ጡንቻው ሞቶ ገና ሳይደርቅ ከአጥንቱ ከተለየ ይኮማተራል፣ ሥጋውም ሊጠነክር ይችላል። ርቀቱ ካላስገደዳችሁ ታፋውንና ወርቹን ከነአጥንቱ ያዙ።

ጉዳቱ ሦስት ነው። ሆድ ዕቃው ሳይታይ ስለሚቀር የበሽታ ምልክት ያመልጣል። በዚህ ምክንያት ሥጋውን ለሚሸጥ ሰው ይህ መንገድ አያዋጣም። ልቡና ጉበቱ ከተፈለጉ መጨረሻ ላይ ለብቻ መክፈት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ብክነት ነው፤ ጀማሪ እጅ አጥንት ላይ ብዙ ሥጋ ትቶ ይሄዳል። በአንዳንድ ቦታ የጎድንና የአንገት ሥጋ ጥሎ መምጣት ያስቀጣል።

ሦስተኛው ዘዴ፦ ሰቅሎ መሥራት

ቋንጃው ላይ በጅማቱና በአጥንቱ መካከል መስቀያ ይገባና አጋዘኑ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል። ሆድ ዕቃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ደሙም ይንጠፈጠፋል። ሥጋው መሬት አይነካም። ወገባችሁም ያመሰግናችኋል። ቆዳው ገና ሙቅ እያለ በቀላሉ ይገፈፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ላብ ያስጠምቃል።

በንጽሕና ከሦስቱ የሚበልጥ ይመስለኛል። ችግሩ ሁኔታው መመቻቸት አለበት። ጠንካራ ዛፍ ወይም መስቀያ፣ ገመድ፣ ቢቻል መዘውር፣ ካልሆነም ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። 80 ኪሎ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ብዙ የለም። አጋዘኑን እስከ መስቀያው ለማድረስ የሚባክነው ሰዓትም አለ። በተለይ ሆዱ የተመታ ከሆነ «ቤት ደርሼ ሰቅዬ እሠራዋለሁ» ማለት ሥጋውን ማጣት ነው። መስቀያው ቅርብ ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ መፈለግ አያስፈልግም።

አራተኛው፦ ሳይነኩት ወደ ባለሙያ መውሰድ

ቢላ ለሚፈራ ሰው ያጓጓል። የሚያዋጣው አየሩ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ መኪናው አጠገብ ሲሆን፣ ባለሙያውም ወዲያው እንደሚቀበል አስቀድሞ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የአደን ሥጋ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሆድ ዕቃው ወጥቶ እንዲመጣላቸው ስለሚፈልጉ አንደኛውን ዘዴ ከመማር አያድንም።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መለኪያ | መሬት ላይ ሆድ መክፈት | ሆድ ሳይከፍቱ መበለት | ሰቅሎ መሥራት | ሳይነኩ መውሰድ |
|---|---|---|---|---|
| የማቀዝቀዝ ፍጥነት | መካከለኛ፣ ቆዳው ስላለ | ከሁሉ ፈጣን | ቆዳው ወዲያው ከተገፈፈ ፈጣን | ደካማ |
| ለሩቅ ቦታ | ለትንሽ አጋዘን ብቻ | በጣም ተስማሚ | አይመችም | አይሆንም |
| ፈርስ የመንካት ስጋት | አለ፣ በተለይ ለጀማሪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከቆየ ከፍተኛ |
| በሽታ ለማየት | ጥሩ | ደካማ | ጥሩ | በባለሙያው ይወሰናል |
| ብቻውን ላለ ሰው | ይቻላል | ይቻላል | መዘውር ከሌለ ከባድ | ጭነቱ ከባድ |
| የዕቃ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | የአገልግሎት ክፍያ |
| ለመማር | መካከለኛ | ጊዜ ይወስዳል | ቀላል | የሚማሩት የለም |

ለማን የቱ?

ገና ለሚጀምር ሰው፣ የሚያድንበትም ቦታ ካልለየለት፣ አንደኛውን ዘዴ አስቀድሞ ይማር። ምክንያቴ ቀላል ነው። ሆዱን ከፍቶ ያየ ሰው ጨጓራው የት እንዳለ፣ ፊኛው የት እንደተደበቀ፣ ፊሌቶው በየት በኩል እንደሚገኝ ያውቃል። ሌሎቹን ዘዴዎች በኋላ ቢማር እጁ ያውቃቸዋል። ሆድ ሳይከፍት የጀመረ ሰው ግን አንድ ቀን ደንብ ወይም ሁኔታ አስገድዶት መክፈት ሲኖርበት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከመኪና ርቆ በእግር ለሚያድን ወይም ትልቅ እንስሳ ለሚያድን ሰው ሁለተኛው ግዴታ ነው። ሞቃት ወቅት ላይ ለሚያድንም እንዲሁ። መስቀያና ረዳት ያለው፣ የሚያድነውም እዚያው አካባቢ የሆነ ሰው ሦስተኛውን ይያዝ። ሥጋውን ለሚሸጥ ሰው ምርጫው በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ብቻ ነው።

የአጋዘን አመንማኝ በሽታ ያለበት አካባቢ የሚያድን ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለበት። ይህ በሽታ መጀመሪያ የታየው በ1967 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ነው። ዛሬ ከ30 በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ተገኝቷል፤ በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ታይቷል። የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፣ በማብሰል አይጠፋም። ሰው ላይ ተላልፎ የተረጋገጠ ነገር እስካሁን የለም። ቢሆንም የጤና ተቋማት በበሽታው የተያዘን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ይላሉ። ፕሪዮኑ በብዛት ያለው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ፣ እንዲሁም ጣፊያና ንፍፊት ላይ ነው። ስለዚህ ጓንት ማድረግ፣ አከርካሪውን በመጋዝ አለመሰንጠቅ፣ ናሙና ማስመርመርና ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ። ጭንቅላትና አከርካሪን ከአካባቢው ማውጣት የተከለከለበትም ቦታ አለ፤ እዚያ ሁለተኛው ዘዴ ይመረጣል።

ዕቃ በአቅም

አቅም ሲያጥር ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስለት ያለው አንድ ጥሩ ቢላ፣ መሳያ፣ ጓንት፣ ክር፣ ንጹሕ ጨርቅና የግንባር ባትሪ ይበቃል። ረጅም ቢላ ለጀማሪ ጠላት ነው። ትንሽ ሲገኝ የሥጋ ከረጢት ይጨመር፤ ዝንብና አቧራ ይከላከላል፣ አየር ያስገባል። የላስቲክ ከረጢት ግን ሙቀቱንና እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ በምትኩ አይሆንም። ስለታቸው የሚቀየር ቢላዎች በጣም ይቆርጣሉ፣ ግን መገጣጠሚያ ላይ ሲጣመሙ ይሰበራሉ፤ ስባሪውም ሥጋ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አጥንት መጋዝ የግድ አይደለም። መስቀያና መዘውር መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከማን ይማሩት?

ልምድ ካለው ሰው ጎን ቆሞ እንደመማር ያለ የለም። የመጀመሪያውን እሱ ሲሠራ ማየት፣ ሁለተኛውን እሱ እያየ መሥራት። አስተማሪ ሲመርጡ ፍጥነቱን ሳይሆን የቢላውን አያያዝ ይዩ። ብዙ ያረደ ሰው ሁሉ ጥሩ አስተማሪ አይደለም። የአዳኞች ሥልጠና ያለበት አካባቢ ደግሞ ሕጉንና በሽታውን አብሮ ስለሚያስተምር ይጠቅማል፤ እጅ የሚፈታበት ክፍለ ጊዜ እንዳለው ግን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ቪዲዮ ቅደም ተከተሉን ለመያዝ ጥሩ ነው። ቆዳው ሲወጠር ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ጨጓራው ከቢላው ጫፍ ምን ያህል እንደሚቀርብ ግን አይነግርም። ቪዲዮ ካያችሁ ሁለት ሦስት ሰው የሠራውን እዩና የሚስማሙበትን ያዙ።

በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ገብቶ ማገዝም በጣም ጥሩ ልምምድ ነው። እነሱም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ስላላቸው የሆድ ዕቃው አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው። ሁለት ልዩነት ብቻ አስታውሱ። በግና ፍየል ጉበታቸው ላይ ሐሞት አላቸው፤ አጋዘን ሐሞት ከረጢት የለውም፣ ስለዚህ ጉበቱን ስታወጡ ስትፈልጉት አትቆዩ። እንደ ነጭ ጭራው ያለ አጋዘን ደግሞ በኋላ እግሩ ውስጠኛ ጎን፣ ቋንጃው አካባቢ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ዕጢ አለው፣ ወንዱ ላይ በተለይ በሚራባበት ወቅት ጎልቶ ይታያል። እሱን ቆርጦ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቆዳው ላይ ስለሆነ ከቆዳው ጋር ይሄዳል። የነካችሁት ከሆነ ቢላውንና ጓንቱን ሳትቀይሩ ወደ ሥጋው አትመለሱ።